ትኩሳት ሲይዘን፦ በአዳማና በአካባቢዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«አተኮሰኝ» የሚለው ቃል ሕመምተኛው ምን እንደተሰማው ይነግረናል እንጂ ምን እንደያዘው አይነግረንም። ወባ፣ የአንጀት ተስቦ፣ ግርሻ፣ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ተራ ጉንፋን በመጀመሪያው ቀን ሁሉም አንድ ዓይነት መልክ ይዘው ሊመጡ ስለሚችሉ፣ እንደ አዳማ ባለ ሞቃታማ ከተማ ትኩሳትን በግምት ማከም ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ከሕመምተኞችና ከአስታማሚዎች በተደጋጋሚ የሚሰሙ ናቸው። መልሶቹ የሐኪምን ቦታ አይተኩም፤ ወደ ሐኪም ከመሄድ በፊትና ከተመለሱ በኋላ ለሚወሰኑ ነገሮች ግን ይረዳሉ።

የሰውነት ሙቀት ስንት ሲደርስ ነው ትኩሳት የሚባለው?

በብብት ሲለካ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት ይባላል። ግንባርን በእጅ መዳሰስ ፍንጭ ይሰጣል፤ ቴርሞሜትር ግን ከእጅ የተሻለ ምስክር ነው። ትኩሳት መጥቶ የሚሄድ በመሆኑ፣ በተለይም በወባ ጊዜ ጠዋት ሲንቀጠቀጥ የነበረ ሰው ከሰዓት በኋላ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ባለፉት ሁለት ቀናት ውስጥ አተኩሶት የነበረ ሰው ሲለካ ሙቀቱ ቢወርድም ትኩሳት እንደነበረው ተቆጥሮ መመርመር አለበት።

አዳማ ትልቅ ከተማ ናት፤ ወባ እዚህም አለ ማለት ነው?

አለ። በኢትዮጵያ ወባ በብዛት የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ሲሆን፣ አዳማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በ1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ አዋሽ ወንዝ ይፈስሳል፤ የቆቃ ግድብ ሐይቅና በመስኖ የሚለማው የወንጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻም ቅርብ ናቸው። በቆቃ ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ከሐይቁ ዳርቻ አጠገብ በሚገኙ መንደሮች የወባ ሕመም ርቀው ከሚገኙት ይልቅ ይበረታል። ምክንያቱ የሐይቁ መሐል አይደለም፤ ውሃው ሲሸሽ በዳርቻው የሚቀሩት ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች፣ የከብት ኮቴ የቆፈራቸው ጉድጓዶችና ከቦይ የሚያፈስሱ ውሃዎች ለወባ ትንኝ መራቢያ ስለሚመቹ ነው።

ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ሲያበቃ፣ ከመስቀል ሰሞን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ነው፤ ከበልግ ዝናብ በኋላም በሚያዝያና በግንቦት አነስ ያለ ሌላ ወቅት ይመጣል። የከተማ ነዋሪ ለወባ በተደጋጋሚ ስለማይጋለጥ የተጠራቀመ የመከላከል አቅም የለውም፤ ስለዚህ ሕጻናት ብቻ ሳይሆኑ ጎልማሶችም በጽኑ ሊታመሙ ይችላሉ። ይህ ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችል በአገራችን የታየው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። በዚያ ዓመት ወባ እምብዛም በማይታወቅባቸው ከፍታዎች ጭምር ወረርሽኝ ተነሥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደታመሙና 150,000 ያህል እንደሞቱ ይገመታል። አረጋውያን እስከ ዛሬ በቤታቸው ግድግዳ ላይ ኬሚካል ሲረጭ የሚያስታውሱት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት የተቋቋመው ከዚህ እልቂት በኋላ፣ በ1959 ነበር።

የወባ ምርመራ እንዴት ነው የሚደረገው? ውጤቱ «የለም» ቢል ማመን ይቻላል?

ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ከጣት ጫፍ የተወሰደ ደም በመስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ጊምሳ በሚባል ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም አልፎንስ ላቨራን እ.ኤ.አ. በ1880 በአልጄሪያ የወባን ጥገኛ ተሕዋስ በሕመምተኛ ደም ውስጥ ካየ ወዲህ የሥራው መሠረት ያው ደምንና ማይክሮስኮፕን የጠበቀ ዓይን ነው። ወፍራሙ ቅብ ተሕዋሱ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ፣ ስሱ ቅብ ደግሞ ዝርያውን ለመለየት ይጠቅማል። ሁለተኛው በጤና ኬላ ደረጃ የሚሠራበትና ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውጤት የሚሰጠው ፈጣን መመርመሪያ ነው።

አንድ ጊዜ «የለም» የተባለ ውጤት ወባን ሙሉ በሙሉ አያስወግድም። የተሕዋሱ ቁጥር ገና ትንሽ ከሆነ፣ ወይም ሕመምተኛው አስቀድሞ ጥቂት የወባ ኪኒን ውጦ ከመጣ፣ በመጀመሪያው ቅብ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ትኩሳቱ ከቀጠለ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ምርመራውን መድገም ተገቢ ነው። ደም ለመስጠት ብርድ ብርድ እስኪል መጠበቅ ግን አያስፈልግም።

ፈጣን መመርመሪያው ሁለት ደካማ ጎኖች አሉት። ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዝርያ የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ሲሆን፣ ይህ ፕሮቲን ሕመምተኛው ከዳነም በኋላ ለሳምንታት በደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ በቅርቡ ታክሞ የዳነ ሰው «አለብህ» ሊባል ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ ቀንድ ይህን ፕሮቲን የማያመነጩ የፋልሲፓረም ተሕዋስያን ስለተገኙ፣ ወባ ያለበት ሰው «የለብህም» ሊባል ይችላል። ባለፈው ወር የወባ መድኃኒት ወስደው ከነበረ ይህን ለመርማሪው ይንገሩ።

በተመረመርሁ ቁጥር «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» እባላለሁ። በእርግጥ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ሊይዘኝ ይችላል?

ከሁሉም ጥያቄዎች ይበልጥ የሚደጋገመው ይህ ነው፤ አጭሩ መልስ «አብዛኛውን ጊዜ አይመስልም» የሚል ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱ በሽታዎች ዘመድ አይደሉም። በአማርኛ አንዱን ተስቦ፣ ሌላውን የአንጀት ተስቦ ማለታችን፣ በላብራቶሪው ወረቀትም ላይ ጎን ለጎን መጻፋቸው መንትዮች ያስመስላቸዋል። ታይፈስ በሰውነት ቅማል ወይም በአይጥ ቁንጫ አማካይነት የሚተላለፍ ሲሆን፣ ታይፎይድ ደግሞ በሰገራ በተበከለ ውሃና ምግብ የሚመጣ ነው። ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ፣ በአንድ ቀን፣ ያውም በየጥቂት ወሩ ይገጥማሉ ብሎ ማመን ይከብዳል።

ችግሩ ያለው ምርመራው ላይ ነው። ለታይፎይድ በብዛት የሚሠራበት የዊዳል ምርመራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1896 ሲሆን፣ ለታይፈስ የሚሠራበት የዌይል ፌሊክስ ምርመራ በ1916 የመጣ ነው። ሁለቱም በደም ውስጥ ባክቴሪያውን ራሱን አይፈልጉም፤ የሚለኩት ሰውነት ያመነጨውን የመከላከያ ንጥረ ነገር ነው። ይህ ንጥረ ነገር ከዓመታት በፊት በነበረ ሕመም፣ በክትባት ወይም በሌላ ተመሳሳይ ባክቴሪያ ምክንያት ሊኖር ይችላል። የዌይል ፌሊክስ ምርመራማ የታይፈስን ተሕዋስ እንኳ የሚጠቀም አይደለም፤ ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ከእርሱ ጋር የሚጋራውን ባሕርይ መሠረት ያደረገ ነው። ታይፎይድ ባለበት አገር የሚኖር ጤነኛ ሰው መንገድ ላይ ተይዞ ቢመረመር የዊዳል ውጤቱ «ፖዘቲቭ» ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው። በአንጻሩ እውነተኛው ታይፎይድ በያዘ በመጀመሪያው ሳምንት ምርመራው ምንም ላያሳይ ይችላል።

ምርመራው ትርጉም የሚኖረው ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ ሁለተኛ ደም ተወስዶ መጠኑ አራት እጥፍና ከዚያ በላይ ማደጉ ሲታይ ነው፤ ይህ ግን በተግባር እጅግ አልፎ አልፎ ነው የሚደረገው። የተሻለው ማረጋገጫ ጸረ ባክቴሪያ ከመጀመሩ በፊት የሚወሰድ የደም ካልቸር፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በላብራቶሪ እንዲያድግ ተደርጎ የሚታይበት ምርመራ ነው። ውጤቱ ቀናት ይወስዳል፤ በየጤና ጣቢያውም አይገኝም። ቢሆንም ትኩሳቱ ከሳምንት በላይ ከቆየ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ተብሎ ካልቸር ማሠራት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም።

ይህን ማለት ታይፎይድ የለም ማለት አይደለም። እውነተኛው ታይፎይድ ከቀን ወደ ቀን ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የሆድ ሕመም፣ ድርቀት ወይም ተቅማጥ ይኖረዋል፤ ካልታከመም በሦስተኛው ሳምንት ገደማ አንጀትን ሊበሳ የሚችል ብርቱ በሽታ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ሌሎች ምክንያቶችን አጣርቶ፣ የሕመሙን አካሄድ ዐይቶ ታይፎይድ ነው ብሎ ካመነ መታከም ይገባል። አደጋው በአንዲት የላብራቶሪ ወረቀት ብቻ ለትኩሳት ሁሉ ጸረ ባክቴሪያ መስጠት ነው። በዚህ አካሄድ የተደበቀ ወባ ወይም ሳምባ ነቀርሳ ይዘገያል፤ ባክቴሪያዎቹም መድኃኒቱን እየተላመዱ ይሄዳሉ። ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ ሲለቀው «መርፌው አዳነኝ» ብሎ የሚመሰክር ሰው ደግሞ በየሰፈሩ አይጠፋም።

ወባ መሆኑ ከተረጋገጠ ሕክምናው ምንድን ነው?

በዝርያው ይወሰናል። በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኙት ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ናቸው። ለፋልሲፓረም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚሰጠው ብዙዎች ኮአርተም በሚለው ስሙ የሚያውቁት ድርብ መድኃኒት ሲሆን፣ በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ይወሰዳል። ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ፣ የቀሩት ደግሞ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጠዋትና ማታ ይዋጣሉ። መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ የሚገባው ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲወሰድ በመሆኑ በባዶ ሆድ መዋጥ የለበትም። ከተዋጠ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ መጠኑ መደገም አለበት። በሁለተኛው ቀን ተሽሎኛል ብሎ የቀረውን ኪኒን ለሚቀጥለው ጊዜ ማስቀመጥ የተለመደ ጥፋት ነው፤ በደም ውስጥ የቀረው ተሕዋስ እንደገና ይራባል። ከዚህ ጋር ሕመሙ ወደ ትንኝ እንዳይተላለፍ አንድ ጊዜ የሚዋጥ አነስተኛ ፕሪማኩዊን ሊጨመር ይችላል።

ለቫይቫክስ ክሎሮኩዊን ለሦስት ቀን ይሰጣል፤ ነገር ግን ይህ የሚያጸዳው ደሙን ብቻ ነው። «ወባዬ ያመላልሰኛል» የሚሉ ብዙ ሰዎች አዲስ ትንኝ ነክሷቸው ሳይሆን ቫይቫክስ በጉበታቸው ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሲነቃባቸው ነው። የተኛውን የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን ሲሆን በተለምዶ ለ14 ቀናት በየቀኑ ይወሰዳል። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ስለሚጠፋ አሥራ አራቱን ቀን የሚጨርስ ሰው ጥቂት ነው፤ የመመላለሱም ዋና ምክንያት ይኸው ነው። ፕሪማኩዊን ለነፍሰ ጡርና ለጨቅላ ሕጻን አይሰጥም፤ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በሚያንሳቸው ሰዎችም ላይ ቀይ የደም ሕዋስን ሊሰባብር ስለሚችል፣ መድኃኒቱን ጀምሮ ሽንቱ የጠቆረ ወይም ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ወዲያው አቁሞ ወደ ጤና ተቋም መመለስ አለበት።

መቼ ነው ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ የሚያስፈልገው?

ፋልሲፓረም ሕክምና ሳያገኝ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ወደ ጽኑ ሕመም ሊለወጥ ስለሚችል ጊዜው አጭር ነው። ሕመምተኛው ራሱን ከሳተ ወይም ከተወራጨ፣ የሚያንፈራግጥ መናድ ከመጣበት፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ መቀመጥ ወይም መቆም ካቃተው፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ከጠፋ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ ከደማ ሊዘገይ አይገባም። አንገቱ ደርቆ ወደ ደረት አላጎነብስ ካለና ብርሃን ካስጠላው ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል የወባ ውጤት እስኪመጣ እንኳ መጠበቅ አይገባም። ነፍሰ ጡር ሴትና ከሁለት ወር በታች ያለ ሕጻን ትኩሳት ብቻውን ይበቃቸዋል፤ ሌላ ምልክት አይጠበቅም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ለጽኑ ወባ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት አርቴሱኔት ሲሆን፣ ሕመምተኛው መዋጥ እስኪችል ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይሰጣል፤ ከዚያም የኪኒኑ ሕክምና እስከ መጨረሻው ይቀጥላል።

ልጄ አተኮሰው። በጋቢ ልጠቅልለው ወይስ በቀዝቃዛ ውሃ ላጥበው?

ሁለቱንም አያድርጉ። መጠቅለል ሙቀቱን ያፍነዋል፤ ቀዝቃዛ ውሃና አልኮል ደግሞ ልጁን ያንቀጠቅጡታል። ስስ ልብስ ያልብሱት፤ ጡት ወይም ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ ይስጡት። ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ፣ በአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ሆኖ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ ይሰጣል። የሽሮፑ ጥንካሬ ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ ጽሑፉን ሳያነቡ በማንኪያ መገመት ጥሩ አይደለም። አስፕሪን ለሕጻናት አይሰጥም።

ከዚሁ ጋር ትንፋሹን ይቁጠሩ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ልብሱ ተገልጦ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ሲቆጠር ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ለሆነው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ለሆነው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በተለይም ሳል ካለው የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል።

ምች መትቶኝ ቢሆንስ? ዳማከሴ ብጠጣ ምን ይጎዳኛል?

ዳማከሴ አሽቶ ማሽተትና መጠጣት ብዙዎቻችን ያደግንበት ነው፤ ለአፍንጫ መታፈን ደስ የሚል ነገር እንዳለው አይካድም። ጉዳቱ የሚመጣው ከቅጠሉ ሳይሆን በእርሱ ሰበብ ከሚያልፈው ቀን ነው። ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም ወባን እንደሚያድኑ ይነገራል፤ ለወባ የተረጋገጠ መድኃኒት ግን አይደሉም። ዳማከሴውን ከጠጡ በኋላም ቢሆን ደምዎን ያስመርምሩ።

ቢጫ ወባ የወባ ዓይነት ነው?

አይደለም። ስሙ ያሳስታል። ቢጫ ወባ በቫይረስ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው፤ የወባ መድኃኒት አይሠራበትም፤ ክትባት ግን አለው።

ደንጊ የሚባለው ትኩሳት እዚህም ይደርሳል? አዲስ ትንኝ መጣ የሚባለውስ?

ደንጊ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በምርመራ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬዳዋ ነው። የሚያስተላልፈው ትንኝ ቀን የሚናከስና በበርሜል፣ በጄሪካንና በአሮጌ ጎማ ውስጥ በሚጠራቀም ንጹሕ ውሃ የሚራባ ነው። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ሕመም፣ ብርቱ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ቁርጥማት ያመጣል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ ሕክምናው ፈሳሽና ፓራሲታሞል ነው። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ለቁርጥማት በየቦታው የሚወጋው ዲክሎፌናክ መድማትን ስለሚያባብሱ ደንጊ በተጠረጠረ ጊዜ መወሰድ የለባቸውም።

አዲስ የተባለው ትንኝ ከእስያ የመጣው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሐር ነው። ከዚያም በሌሎች ከተሞች፣ ከአዳማ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአዋሽ ሰባት ኪሎ ጭምር ታይቷል። የእኛው የወባ ትንኝ የገጠር ረግረግ ወዳጅ ሲሆን፣ ይህኛው በከተማ የግንባታ ጉድጓድና በውሃ ታንከር ውስጥ ስለሚራባና በደረቁም ወራት ስለሚገኝ፣ «ወቅቱ አይደለም» ወይም «ከከተማ አልወጣሁም» ብሎ ወባን ማስወገድ ከእንግዲህ አስተማማኝ አይደለም። የበርሜልን ክዳን መግጠም ሁለቱንም ትንኞች ይከላከላል።

ግርሻስ ምንድን ነው?

በሰውነት ቅማል የሚተላለፍ፣ ለቀናት አተኩሶ ከለቀቀ በኋላ ከሳምንት ገደማ ቆይቶ የሚመለስ ትኩሳት ነው። ሰዎች ተጨናንቀው በሚያድሩበትና ልብስ ማጠብ በሚቸግርበት ቦታ፣ በተለይ በክረምት ይበረታል። ቅማሉ በንክሻው ብቻ አያስተላልፍም፤ በጥፍር ሲፈርጥ ከውስጡ የሚወጣው ተሕዋስ በተፋቀ ቆዳ በኩል ይገባል። ተሕዋሱ በትኩሳቱ ጊዜ ለወባ በተዘጋጀው ያው የደም ቅብ ላይ ይታያል። ሕክምናው ቀላል ቢመስልም ቤት ውስጥ መሰጠት የለበትም፤ የመጀመሪያው መድኃኒት በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ ብርቱ መንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ስለሚከተል ሕመምተኛው በባለሙያ ዓይን ሥር መቆየት አለበት።

ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየስ?

ያን ጊዜ የሚፈለጉት በሽታዎች ይለወጣሉ። ማታ ማታ የሚያልብ፣ የሚያከሳና ሳል ያለበት ትኩሳት ለሳምባ ነቀርሳ መመርመር አለበት፤ የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ ይደረጋል። በመተሐራና በፈንታሌ በኩል ከከብትና ከግመል ጋር የሚውሉ፣ ወይም ያልፈላ ወተት የሚጠጡ ሰዎች ብሩሴሎሲስ ሊይዛቸው ይችላል፤ ትኩሳቱ ይመላለሳል፣ ወገብና መገጣጠሚያ ያማል፣ ሕክምናውም ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወይም ወደ ሑመራ ሄዶ የተመለሰ ሰው ደግሞ ከስቶ፣ በግራ ጎኑ ጣፊያው አብጦ ከተገኘ ካላ አዛር መጠርጠር አለበት፤ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው።

ጤና ጣቢያ ስደርስ ምን ልናገር?

ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ ባለፈው አንድ ወር የሄዱበትን ቦታ ሁሉ፣ የዋጡትን ወይም የተወጉትን መድኃኒት፣ ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆንዎን፣ በቤት ውስጥ ሌላ የታመመ ሰው ካለም ያንን ይንገሩ። ከመድኃኒት ቤት በራስዎ ፈቃድ ገዝተው የወሰዱትን ለመደበቅ አይፈልጉ፤ ባዶውን የኪኒን ማሸጊያ ይዘው ቢሄዱ ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል።